«እርስዎ» የሚባልበት ክፍል

ፖስታውን ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የማዕከሉ ተላላኪ አመጣችልኝ። የሚዜዎች ቀሚስ እየሰፋሁ ነበር፤ ስድስት ቀሚስ፣ ስድስት ዓይነት ወገብ፣ ሁሉም ለእሁድ የሚደርስ። እጄ ስላልፈታ ፖስታውን በጥርሴ ቀደድኩት።

ውስጡ ሁለት ወረቀት ነበር። አንደኛው የቅዳሜው ስብሰባ አጀንዳ ነው። ተራ ቁጥር አንድ፣ የእንቅስቃሴ ሕክምና ክፍሉን ከምድር ወለል ወደ ሦስተኛ ፎቅ ስለ ማዛወር። ተራ ቁጥር ሁለት፣ የወላጅ አማካሪዎችን የሚደግፈውን ባለሙያ ስለ መቀየር። ሁለተኛው ወረቀት በእጅ የተጻፈ ነው። ያንን የእጅ ጽሕፈት ከመቶ መሃል እለየዋለሁ፤ ሊቀየር ነው የተባለው የባለሙያው ነው። የመጀመሪያው መስመር «ይህን የምጽፈው ለአንቺ ነው» ይላል።

ከዚያ ወዲያ አላነበብኩም።

«አንቺ» አለኝ። ሁለት ዓመት ተኩል «እርስዎ» ሲለኝ የኖረ ሰው፣ ሥራውን ለቆ ሊሄድ ሲል «አንቺ» አለኝ። ለካ ያከበረው የተቀመጥኩበትን ወንበር ኖሯል። ደሜ ፈላ።

«ምን ይላል?» አለች እህቴ ከሁለተኛው ማሽን። ታላቄ ናት፤ ያልተላከላትን ደብዳቤ ሁሉ ማወቅ ትወዳለች።

«ምንም አይልም።»

«ምንም የማይል ደብዳቤ ጆሮሽን እንዲህ ያቀላዋል?»

ወደ ልጄ ዞርኩ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እጅና እግሯ አይታዘዟትም፤ አንደበቷም እንደዚሁ። ዓይኗ ግን ይታዘዛታል። ወደ ላይ ካነሳችው «አዎ» ነው፤ ወደ ታች ከጣለችው «አይሆንም» ነው። ይግባኝ የለውም። ዳኛዬ የምላት ለዚህ ነው።

«ዳኛዬ፣ ይሄን ወረቀት ልቅደደው?» አልኳት።

ወደ ታች።

«እሳት ውስጥ ልጨምረው?»

ወደ ታች።

«እና ምን ላድርገው? ላንብበው?»

ዓይኗ ወደ ላይ ወጣ። ፍርድ ተሰጠ፤ እኔ ግን ፍርድ የማላከብር ሰው ሆንኩ። ደብዳቤውን አራት ቦታ አጠፍኩና ሲንገጫገጭ ለሚያስቸግረኝ የማሽኑ እግር ደገፍ አደረግኩት። ማሽኑ ቀጥ ብሎ ቆመ። እኔ ነኝ ቀጥ ብዬ መቆም ያቃተኝ።

ለምን እንዲህ እንደተቃጠልኩ እንድትረዱልኝ የደንቡን ነገር ልንገራችሁ።

ማዕከሉ እንደ ዳኛዬ ያሉ ልጆች መቀመጥን፣ መዋጥን፣ አንገት ማቅናትን የሚለማመዱበት ቤት ነው። እዚያ ቤት እናት ስም የላትም። «እናትዮ» ናት። «እናትዮ፣ ተራሽ አልደረሰም። እናትዮ፣ ልጅሽን ጠበቅ አድርገሽ ያዢያት።» ከዚያ አንድ ቀን ከበላይ መመሪያ መጣ፤ ስለ ልጆቹ አገልግሎት ሲወሰን ወላጆችም ተቀምጠው ያማክሩ ተባለ። አምስት ወላጆች ተመረጥን። ተመረጥን ልበል እንጂ፣ ዝም ይላሉ ተብለን ነው የተለቀምነው።

የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ዋና ኃላፊው አጠገባቸው ያለውን ሐኪም «እርስዎ ምን ይላሉ?» አሉት። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞሩና «እሺ እናትዮ፣ አንቺስ?» አሉኝ።

«ለሁላችንም እኩል ወንበር ተደርጎልናል» አልኳቸው። «‹እርስዎ›ም እኩል ይደረግልን። አለዚያ ሁላችንም ‹አንተ› እና ‹አንቺ› እንባባል፤ ከእርስዎ እንነሳ።»

ጥግ ላይ ተቀምጦ ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ሰውዬ አንገቱን ሳያቀና ጻፈ፣ ጻፈ፣ ሲጨርስም ጮክ ብሎ አነበበው። «በዚህ ክፍል ውስጥ ሁሉም ሰው ‹እርስዎ› ይባላል። ሐሳቡን ያቀረቡት ልብስ ሰፊዋ ናቸው።»

ናቸው! በሕይወቴ የሰማሁት የመጀመሪያው «ናቸው» ነበር። በዓመቱ ሰብሳቢ ሆኜ ስመረጥ እንኳ እንደዚያ ቀን አልሞቀኝም።

ያ ሰው ጸሐፊው ነው። የሥራ መደቡ ስም ከእኔ ቀሚስ ይረዝማል፤ ባጭሩ ግን ሥራው እኛን መደገፍ ነው። ከስብሰባ በፊት ለእያንዳንዳችን ይደውላል። መንገድ ላይ ለሚውለው ሹፌር፣ ለመንታዎቹ አባት ማለቴ ነው፣ አጀንዳውን በስልክ ያነብለታል። ስንሰበሰብ ልጆቻችንን የሚይዝ ሰው ፈልጎ ያቆማል። ማክሰኞ ማክሰኞ ደግሞ እኔ ቤት እየመጣ፣ በስፌቱ መሃል፣ የምንናገረውን ያለማምደናል። እኔ ሁልጊዜ «ይቅርታ፣ ያልተማርኩ ነኝ፣ ግን...» ብዬ ነበር የምጀምረው። ይህን ስል እስክሪብቶውን ያስቀምጣል።

«እስከ ‹ግን› ያለውን አልጽፈውም» ይለኛል። «ከ‹ግን› በኋላ ያለውን ይበሉ።»

የወደድኩት ግን በዚህ አይደለም። አንድ ማክሰኞ ልጄን ከወንበሯ ወደ ፍራሹ ላዛውራት ስል ወገቤን ያዘኝ። ጸሐፊው ተነሳና ፊቷ በርከክ አለ። «ላነሳሽ ነው፤ ይፈቀድልኛል?» አላት። ከዚያ ጠበቀ። ዳኛዬ ለፍርድ ጊዜ ትወስዳለች። ዓይኗ ወደ መስኮቱ ይሄዳል፣ ወደ ማሽኑ ይመጣል፣ ይረሳል፣ ያስታውሳል። እሱ ጉልበቱ ላይ እንዳለ ጠበቀ። ስንትና ስንት ሐኪም ልጄን እንደ ዕቃ ብድግ አድርጓታል፤ የጠበቃት ሰው አልነበረም። ዓይኗን ወደ ላይ ስታነሳና እሱ «አመሰግናለሁ» ብሎ ሲያቅፋት፣ መርፌዬን የት እንዳደረግኩት ጠፋኝ። በዚህ ነው የወደድኩት።

ወድጄስ ምን ላመጣ? እሱ ዩኒቨርሲቲ ሁለቴ ገብቶ የወጣ ነው። እናቱ ሰፈር ሙሉ «ሲስተር» እያለ ከመቀመጫው የሚነሳላቸው የሆስፒታል ዋና ነርስ ነበሩ። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ፣ ባሌ «ሌላ ከተማ ሥራ አገኘሁ» ብሎ በዚያው የቀረብኝ ሴት ነኝ። ዓይን ለዓይን የተጋጨንባቸው ቀኖች ነበሩ፤ እኔ ቆጥሬያቸዋለሁ። ግን ዝናብ አብሮ ያበሰበሰን ቀን እንኳ «እርስዎ ጃንጥላውን ይያዙት» ነበር ያለኝ። በገዛ ደንቤ ራሴን አጥሬ ተቀመጥኩ። አጥሩ ደግሞ ክብሬ ስለነበር አልተማረርኩም።

አሁን ያንን አጥር በአንድ መስመር አፈረሰው። ሲያፈርሰውም ሊሄድ ነው። የከፋኝ ይሄ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ተሰበሰብን። ዳኛዬን ይዣት ገባሁ። ጸሐፊው በሩን ከፍቶ ያዘልን፤ ቀና ብዬ አላየሁትም።

ዋና ኃላፊው ተራ ቁጥር አንድን በአጭሩ ሊገላገሉት ፈልገዋል። «ሦስተኛው ፎቅ ብርሃን አለው፣ ሰፊ ነው፣ አዲስ ሊፍት ተገጥሞለታል። የሚያወያይ ነገር ያለ አይመስለኝም።»

«ሊፍቱ ሲበላሽስ?» አለ ሹፌሩ።

«አይበላሽም፤ አዲስ ነው።»

«የእኔም መኪና አዲስ ነበረች።»

ዳቦ ጋጋሪዋ፣ መስማት የማትችለው ልጅ እናት፣ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ ዘጠኝ ዓመት የሞላት ልጅ አዝሎ ሦስት ፎቅ መውጣት ምን እንደሆነ አሰብኩ። ወገቤ ቀድሞኝ አሰበው። «ይቅርታ፣ ያልተማ...» ብዬ ልጀምር ስል ጸሐፊው እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ተናድጄበት እንኳ አረመኝ።

«ሄደን እንለካው» አልኩ።

ሜትር ከአንገቴ አይለይም። ተያይዘን ወደ ሊፍቱ ሄድን። የዳኛዬ እግር ተዘርግቶ ስለሚታሰር ወንበሯ ረጅም ነው፤ ከእግር መደገፊያው ጫፍ እስከ ኋላ ጎማው ለካሁት፤ አንድ ሜትር ከአሥራ ሁለት። ሊፍቱን ከበሩ እስከ ኋላ ግድግዳው ለካሁት፤ ዘጠና ስምንት። ጸሐፊው ቁጥሩን ጮክ ብሎ እየደገመ ጻፈ። ወንበሩን እስከሚገባው ድረስ ገፋሁት። በሩ ሊዘጋ ይመጣል፣ ጎማውን ይነካል፣ ይመለሳል። እንደገና ይመጣል፣ ይነካል፣ ይመለሳል።

«ወንበሩ ይታጠፋል እኮ» አሉ ኃላፊው።

«ወንበሩ ይታጠፋል» አልኳቸው። «ልጅቷ አትታጠፍም።»

በሩ አንድ ጊዜ ደግሞ መጥቶ ተመለሰ። ኃላፊው መነጽራቸውን አወለቁ። «ይሄ ሲገጠም የለካ ሰው የለም?» አሉ፤ ማንን እንደሚጠይቁ ለራሳቸውም የገባቸው አልመሰለኝም።

«እኛን የጠየቀን የለም» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ።

ወደ ክፍሉ ተመልሰን ተወሰነ። ቢሮዎቹ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ይውጡ፤ ልጆቹ ከታች ይቆዩ። ሹፌሩ ጠረጴዛውን መታ። እኔ ደስታዬን ላካፍል ዓይኔ ሳያስፈቅደኝ ወደ ጸሐፊው ሄደ። እሱም እያየኝ ነበር፤ ዝም ብሎ ሳይሆን አንድ ነገር እንደሚጠብቅ ሰው። በዚያ ጊዜ «አንቺ» ትዝ አለኝ። ዓይኔን ወደ ታች ጣልኩት። ፊቱ ሲገረጣ በጎን አየሁ፤ ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

ተራ ቁጥር ሁለት ላይ ራሱ ተነስቶ ቆመ። «ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ወደ መዝገብ ክፍል እዛወራለሁ። የጠየቅኩት እኔ ነኝ» አለ።

«ሰብሳቢዋ አስተያየት አላት» አልኩ። ድምፄ የእኔ አልመስል አለኝ። «ጸሐፊው ላደረጉልን ድጋፍ ይመስገኑ። አንድ ነገር ግን ይያዝልኝ። እናት በዚህ ክፍል ውስጥ ‹እርስዎ›፣ ከበሩ ውጭ በደብዳቤ ‹አንቺ› የምትባል ከሆነ፣ ደንቡ የወጣው ለጠረጴዛው ነው እንጂ ለእኛ አይደለም።»

ሹፌሩ ሳያስለው ሳለ። ጸሐፊው እኔን ብቻ አየ።

«ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው አንብበውታል?»

«የመጀመሪያው መስመር በቂዬ ነው።»

ተቀመጠና የተናገርኩትን አንዲት ቃል ሳያስቀር ጻፈው። በልቤ እሰይ አልኩ።

ቤት ስገባ እህቴ ፊቴን አይታ ማሽኗን አቆመች። ሁሉንም ነገርኳት። እስክጨርስ ታገሰችኝ፤ ለእሷ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

«እና አላነበብሽውም?»

«‹አንቺ› ብሎኛል እኮ!»

«አንቺ ልጅ፣ ባልሽ ‹እመቤቴ ሆይ› እያለ አልነበር የሚጽፍልሽ? እመቤቴ ሆይ ብሎ የት ደረሰ?» ተነስታ መጣችና ማሽኑን በትከሻዋ ብድግ አደረገችው። «አውጪው። ቶሎ በይ፣ ይከብዳል!»

ወደ ዳኛዬ ዞርኩ። «ላንብበው?» ብዬ ሳልጨርስ ዓይኗ ኮርኒሱ ላይ ነበር። ከሐሙስ ጀምሮ ፍርዷ አልተለወጠም።

ወረቀቱ ላይ የማሽኑ እግር ክብ ሠርቷል፤ ዘይትም ነክቶታል። እንዲህ ይላል፦

«ይህን የምጽፈው ለአንቺ ነው፤ ለሰብሳቢዋ አይደለም። ለሰብሳቢዋ የምለው ሁሉ አጀንዳው ላይ አለ።

ቃሉ እንደሚያስቆጣሽ አውቃለሁ። ሌላ ቃል ፈልጌ አጣሁ። ‹እወድዎታለሁ› ብዬ ጽፌ አየሁት፤ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ መሰለብኝ።

የምወዳትን ሴት ቃለ ጉባኤ መያዝ አልችልም። ነገ አንዱ ተነስቶ ‹ጸሐፊው የሰብሳቢዋን ሐሳብ እያሳመረ ነው የሚጽፈው› ቢል፣ የአምስታችሁም ድካም ውሃ ይበላዋል። ስለዚህ የለቀቅኩት ሥራውን ነው፤ አንቺን አይደለም። በቦታዬ የምትመጣው ሴት የራሷን ልጅ እዚሁ ማዕከል እያመላለሰች ያሳደገች ናት። ከእኔ ትሻላችኋለች።

ለእናቴ ነግሬያታለሁ። ሦስት ቀን ዘጋችኝ። በአራተኛው ቀን ‹ልጅቷን ምን ያስቃታል?› ብላ ጠየቀችኝ። ሌላ አልጨመረችም።

ላገባሽ እፈልጋለሁ። መጠበቅን ከልጅሽ ተምሬያለሁና እጠብቃለሁ። በአፍ መመለስ ከከበደሽ፣ ቅዳሜ ስብሰባው ላይ በእሷ ቋንቋ መልሺልኝ። እኔ ዓይንሽን አያለሁ።»

ሁለቴ አነበብኩት። ሦስተኛው ላይ ፊደሉ ተደበላለቀብኝ።

«ምን አለ? ኧረ ምን አለ?» አለች እህቴ።

«ዓይኔን ጥዬበታለሁ» አልኳት። «በሰው ሁሉ ፊት። ወደ ታች።»

እህቴ የዳኛዬን ሕግ ታውቃለች። የሚዜዎቹን ቀሚስ ከማሽኔ ላይ አነሳች። «ወገቡን እኔ እጨርሰዋለሁ። ሂጂ!»

የማዕከሉ በር ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። አምስት ሰዓት ከአርባ ነበር። ወንበሩን ስገፋ መንገዱ ያለው ጉድጓድ ሁሉ ጎማው ውስጥ ገባ። ዳኛዬ ስትንገጫገጭ ትስቃለች፤ ለሲስተርም፣ ለእናቱ፣ መልሱ ይኸው ነው፣ ልጅቷን የሚያስቃት መንገጫገጭ ነው ብዬ አሰብኩ። እንዲህ ማሰቤን ሳውቅ ደግሞ አፈርኩ። ሰውየውን ሰው ፊት ያዋረድኩት ገና ጠዋት ነው።

የስብሰባ ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ነበር። ቃለ ጉባኤውን በንጹህ ወረቀት ይገለብጣል። ሲያየን ተነሳ።

«ምነው፣ የረሱት ነገር አለ?»

«እርማት አለኝ።»

ተመልሶ ተቀመጠና እስክሪብቶውን ያዘ። ሥራ ሥራ ነው ለእሱ። «የትኛው ተራ ቁጥር ላይ?»

«ሁለት ላይ። ‹ሰብሳቢዋ ይህን የተናገሩት ደብዳቤውን ሳያነቡ ነው› ተብሎ ይጨመር።»

አልጻፈም። «አሁንስ አንብበውታል?»

«አንብቤዋለሁ። ዘይት ነክቶታል እንጂ ሁሉም ይነበባል።»

«ዓይንዎን ጥለው ነበር» አለ። ቅሬታ አልነበረውም፤ እንደ ቃለ ጉባኤ ነው የተናገረው። እንደዚያ መናገሩ አንጀቴን በላው።

«ያኔ ጥያቄ እንዳለ አላውቅም ነበር።»

ከዚያ በኋላ ምን እንደሚባል ጠፋኝ። ኃላፊ ፊት፣ ሐኪም ፊት ያልጠፋኝ ቃል አንድ ጸሐፊ ፊት ጠፋኝ። ሁለት ዓመት ተኩል ቆጥሬ ያስቀመጥኳቸው ነገሮች ነበሩ፤ ጃንጥላው፣ ማክሰኞዎቹ፣ ያ «ናቸው» ያለው ቀን። አንዱም አልወጣ አለኝ።

«ይቅርታ» አልኩ በመጨረሻ፤ «ያልተማርኩ ነኝ፣ ግን...»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«እስከ ‹ግን› ያለውን አልጽፈውም» አለ። «ከ‹ግን› በኋላ ያለውን... በይ።»

በይ አለኝ። «ይበሉ» አላለም። በዚያ ክፍል፣ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ደንቤን ጣሰው። ሰብሳቢዋ እዚያው ቆማ ነበር፤ ተቃውሞ አላቀረበችም።

ጠበቀኝ። ልክ ልጄን እንደጠበቃት፣ ሳይቸኩል ጠበቀኝ።

ዓይኔን ወደ ላይ አነሳሁ። ኮርኒሱ ላይ ከጥግ እስከ አምፖሉ የደረሰ የውሃ እድፍ አለ፤ ይህን ሁሉ ጊዜ እዚያ ክፍል ተሰብስቤ አይቼው አላውቅም። እንባዬ በጉንጬ ሳይሆን በጆሮዬ በኩል ወረደ።

«አየሁት» አለ።

አላወረድኩትም። ደግሞ እንዲያየው ፈለግኩ።